አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ግባ

ቆይ፣ ገንዘቡን እንዳትልክ። ሰውየው «የሃይሉክስ ዋተር ፓምፕ አለኝ» ስላለህ ብቻ? የትኛዋ ሃይሉክስ እንደሆነች፣ ምን ሞተር እንዳለባት አልጠየቀህም፤ አንተም አልነገርከውም። ስልኩን አስቀምጠውና እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል። መኪናዋን የገዛህ ዕለት ደስታህን ላለማበላሸት ዝም አልኩህ፤ አሁን ግን ዝም አልልህም።

ጊዜውን ታውቃለህ። በጥር 2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ፣ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ወጣ። አሮጌዋ ብትሞት ሌላ እተካለሁ የምትልበት ዘመን አይደለም።

የኔን መኪና ታስታውሳለህ። ከወልድያ ወደ ጋሸና ስትወጣ፣ ድልብን ካለፈች በኋላ ዳገቱ ላይ ነው ውሃዋን የተፋችው። ሹፌሩ ጨመረበትና ሄደ፤ ደግሞ ተፋች። መጨረሻ ላይ ቴስታታው ጠመመ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ። ፓምፑም ራዲያተሩም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የራዲያተር ክዳን ነው፤ «ልኩ ነው» ተብዬ፣ በላዩ የተጻፈውን ሳላነብ በጥድፊያ የገዛሁት ክዳን። ያን ወር ሙሉ የምጭነው የመርሳ ማንጎ በሰው መኪና ሄደ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ክዳኑ ውሃ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ግፊት ነው የሚይዘው። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ ወልድያ በ93 ግድም ይፈላል፣ ጋሸና ላይ ደግሞ በ90። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርግልሃል። ስለዚህ መርሳ ሜዳው ላይ ምንም ያልሆነች መኪና ዳገት ላይ ትከዳሃለች። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈውን አንብብ፣ ፋብሪካው ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለው ይሻላል ብለህ አትጨምር፤ አሮጌው ራዲያተርህ አይችለውም። ጎማው ያልተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉም ጠንከር ያለ መሆኑን በጣትህ ጫን ብለህ እየው። ጠዋት ስትነሳ ማኒኮቶው ተሟሽሾ ጎኖቹ ተጣብቀው ካገኘህ ደግሞ መጀመሪያ ክዳኑን ጠርጥር፤ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ መመለሻ ተደፍናለች ማለት ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን ክዳኑን እንዳትነካ፣ በልጆችህ።

አሁን ወደ ፓምፑ። ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የሚገዛው። ቶዮታ ለየዕቃው ቁጥር አለው፦ ዋተር ፓምፕ በ16100 ይጀምራል፣ ራዲያተር በ16400፣ ክዳን በ16401፣ የላይኛው ማኒኮቶ በ16571፣ የታችኛው በ16572፣ ቴርሞስታት በ90916-03። ከዚያ በኋላ ያሉት አሃዞች ናቸው ያንተን ሞተር ከሌላው የሚለዩት። ሊብሬውን ብቻ አትመን፤ አሮጌ መኪና ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ጠርገህ ፎቶ አንሳው። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን በሻንሲውና በሞተሩ ቁጥር ሞኤንኮ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር ይጠይቅልህ፤ ከዚያ በኋላ ሶማሌ ተራም ይሂድ፣ ዋጋም ያወዳድር። ቁጥር ይዞ የገባን ሰው ነጋዴ በወሬ አያሸንፈውም።

ካርቶኑን አትይ፤ ካርቶን ማንም ያትማል። ዕቃውን አውጥተህ አገላብጠው። አይሲን ወይም ጂኤምቢ ከሆነ ስሙ ብረቱ ላይ ጎላ ብሎ ይወጣል። አሮጌውን ፓምፕ ከአዲሱ ጎን አስቀምጥ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን አስተያይ፣ ክንፎቹን ቁጠር፣ ጥልቀታቸውንም እይ። አሽከርክረው፤ ኩሽኔታው ከቆረቆረ ወይም ከተወዛወዘ መልሰው። ከሥሩ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ የተበሳችው በስህተት አይደለም፤ ውሃ በእሷ ሲያንጠባጥብ መዝጊያው አልቋል እያለች ነው። በእንጨት የሚወትፍልህ መካኒክ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ቴርሞስታቱን «አውጥተን እንጣለው፣ ትቀዘቅዛለች» ይሉሃል። አንገቴን ደፍቼ እለምንሃለሁ፣ እሺ አትበል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ የውሃውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ትኩሱ ውሃ ራዲያተር ሳይገባ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ዳገት ላይ የባሰ ትሞቃለች። አዲሱን ደግሞ ሳትገጥም ሞክረው። ክር አስረህ ድስት ውስጥ አንጠልጥለው፣ ታችኛውን እንዳይነካ፣ ውሃውን አፍላ። 82 የተጻፈበት እየሞቀ ሲሄድ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝም ይዘጋል። 88 ከሆነ ግን ወልድያ ላይ ሙሉ በሙሉ ባይከፈት አትጣለው፤ ውሃችን በ93 ስለሚፈላ ነው፣ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

ራዲያተሩን በተመለከተ ያንተው የጥንቱ የመዳብ ነው፤ እሱን ለመሸጥ አትቸኩል። የላይና የታች ክፍሉ ተነቅሎ ቱቦዎቹ ተጠርገው ከተበየደ ገና ያገለግልሃል። ርካሹ አዲሱ ከፊት ሲታይ ያው ይመስላል፤ በጎን ስትለካው ግን ይሳሳል፣ የቱቦው ረድፍም ያንሳል። ፕላስቲክ ያለበት ከሆነ ሲሰነጠቅ አይበየድም። ያገለገለ ኦርጂናል ራዲያተር በግፊት ተፈትኖ ካየሁት እኔ እገዛለሁ። ያገለገለ ፓምፕና ማኒኮቶ ግን በነጻም አልወስድ።

ሁሉንም ከገጠምክ በኋላ የወንዝ ውሃ እንዳትሞላበት፤ ደለሉ የጠረግከውን መልሶ ይደፍነዋል። ኩላንት ግዛ።

ለሰውየው ደውልለት እንጂ ብር አትላክለት። የዕቃውን ቁጥር በፎቶ ይላክልህ፣ ደረሰኝ ላይም «ካልገጠመ ይመለሳል» ብሎ ይጻፍበት። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ዕቃው በአውቶቡስ ከመጣ በኋላ ሳትፈታው ወደ ቤት አምጣው፣ አሮጌውንም ይዘህ ና። ቡና አፈላለሁ፤ በዚያው ከሰል ላይ ቴርሞስታቱን አብረን እንቀቅለዋለን።