ለጎንደር ዳገት የሚሆን ያገለገለ ቅንጡ መኪና አመራረጥ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ጉልበትም ምቾትም ያለው መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚሻማው ቀድሞ በገባው ላይ ነው። እቁብ ጥለው ወይም ከንግድ ትርፍ ላይ ቆጥበው ለመግዛት የተነሱ የጎንደር ሰው ከሆኑ፣ ገንዘቡ አንዴ ከእጅዎ ከወጣ የሚተካው በዓመታት ነው። ስለዚህ መኪናውን ከማየትዎ በፊት ገንዘብዎን ለሁለት ይለዩት፤ ከያዙት ውስጥ ሩቡን ለመኪናው ዋጋ አያቅርቡ። ደላላው እንዳያውቀውም ያድርጉ። ያ ሩብ ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለቺንጋ፣ ለስም ዝውውርና ለመድን ነው። ሙሉውን ከፍሎ መኪናውን ያቆመ ሰው በከተማችን ብዙ ነው።

ቀጥሎ ከፍታውን ያስቡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ወረቀቱ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና ደባርቅ ሲደርስ የሚቀረው ወደ 145 ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍነዋል። አዲስ አበባ ሜዳ መንገድ ላይ ሲበር ያዩት ቱርቦ የሌለው መኪና ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ የሚተነፍሰው ጉልበቱ ስለሚያንሰው ነው። በእኛ አገር የጉልበት መለኪያው ዳገት ነውና፣ ከሲሊንደር ብዛት ይልቅ ቱርቦውን ይጠይቁ።

ስለ ሞዴሎቹ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርዎ። በቁጠባ ለሚገዛ የደጋ ሰው የመጀመሪያው ምርጫዬ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው ቶዮታ ፕራዶ ባለ 3.0 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ነው። ገንዘቡ ከፈቀደ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2007 የተሠራው ላንድክሩዘር 100 ባለ 4.2 ቱርቦ ናፍጣ ይበልጣል። የዚሁ ላንድክሩዘር ቱርቦ የሌለው 4.2 ናፍጣ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ዳገት ላይ ይደክማል፤ ከፍታ ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣም ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፣ አየሩ አንሶት ነው። ሰው የሚመኘውን ላንድክሩዘር ቪ8 በተጠራቀመ ገንዘብ መግዛት ይቻል ይሆናል፤ ናፍጣው ግን ሁለት ቱርቦ አለው፣ ሲበላሽም ወጪው በዚያው ልክ ነው። ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስና ሬንጅ ሮቨር ለመንዳት ደስ ይላሉ። ሆኖም የአየር ባሌስትራቸውና ኤሌክትሮኒክሳቸው ልዩ ኮምፒውተርና ባለሙያ ይፈልጋል። የሚያውቁት አስተማማኝ ባለሙያ ጎንደር ውስጥ ከሌለዎት አልመክርም። የቶዮታ ዕቃ ግን እዚሁ ባይገኝ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላክልዎታል።

የቤንዚን መኪና ከሆነ የነዳጅ መክደኛውን ይክፈቱና ውስጡ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። 95 ኦክቴን ወይም ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ሞተሩ ከማደያችን ከሚቀዳው ቤንዚን የተሻለ ሊፈልግ ይችላል። ዳገት ላይ የሚሰማው የማንኳኳት ድምፅ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ መኪናው ይሂዱ፤ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ የቀዝቃዛ አነሳሱን እንዲሰሙ አልፈለገም፤ ሌላ ቀን ይቅጠሩት። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው ላይ የዘይት ፊልም፣ የዘይት ክዳኑ ሥር ደግሞ ወተት የመሰለ አረፋ ካዩ ጓርኒሲዮኑ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም ቴስታታው። የክዳኑን ጎማ በጣትዎ ይዳስሱት፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ መሆን የለበትም። ደባርቅ ላይ ንጹሕ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ነው። ተራ ውሃ ብቻ ተሞልቶበት የቆየ ሞተር ውስጡ ዝጎ ይጠብቅዎታል።

ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ ከኋላ ቆመው ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻ ወይም ቱርቦ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል።

የፕራዶው 3.0 ናፍጣ የታወቀ አንድ ችግር ስላለበት እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ኢንጀክተሮቹ የሚቀመጡባቸው የመዳብ ቀለበቶች ሲያልቁ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተሩ ዘይት ይሾልካል። ዘይቱ ወፍሮ ጥቀርሻ ይሆንና ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። መካኒክዎ ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ጥቁር ቅርሻ መኖሩን በባትሪ መብራት ይይልዎት። ቀለበቶቹ መቼ እንደተቀየሩ ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለ ዘይት መያዣው ወርዶ ወንፊቱ የሚታይበትን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። የታይሚንግ ቺንጋውም እንዲሁ ነው፤ በእነዚህ ቶዮታዎች በየ150,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፣ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያነሰ ቁጥር ቢያሳይ አይርኩ። የፍሬን መርገጫው ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከተላጠ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ከሥሩ የተሰፋውን ጨርቅ ያንብቡ፤ ቀበቶው የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ እዚያ ታትሞ ይገኛል። ሊብሬው ላይ ካለው ዓመት በብዙ ከራቀ ምክንያቱን ይጠይቁ። ስቱኮ መኖሩን ለማወቅ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በቂ ነው፤ ላሜራው ላይ የማይይዝበት ቦታ ተለጥፏል።

ለመንገድ ሙከራ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ያውጡት፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ደግሞ በወለቃ አልፈው ወደ ኮሶዬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሂዱ። ሲወጡ የሙቀቱ ጠቋሚ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም፤ ካምቢዮውም ማርሽ ሲቀይር መንሸራተትና መምታት የለበትም። የበለጠ የሚያስተምረው መመለሻው ነው። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ወርደው ሁለት ሦስቴ ፍሬን ይያዙ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣምሟል። ሊማሊሞን ይዞ ወደ ዛሪማ የሚወርድን መኪና ፍሬን የዋጋ መደራደሪያ አያደርጉትም፤ ሳይሠራ አይረከቡት።

ወረቀቱ የመጨረሻ ሥራ ቢሆንም ከሁሉ የከፋው ጉዳት ከዚህ ይመጣል። በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ጭቃውን ጠርገው ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ተፍቆ የተስተካከለ ብረት ካዩ ይተዉት። ሰሌዳው አአ ከሆነ ፋይሉ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት ቢሮ ያጣሩ። ጎንደር የቱሪስት ከተማ ስለሆነች ለአስጎብኚ ድርጅት ወይም ለኢንቨስትመንት ከቀረጥ ነፃ የገቡ መኪኖችም ገበያ ላይ ይወጣሉ። ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርልዎትም፤ ሻጩ አስቀድሞ ከፍሎ ማስረጃውን ያምጣ። "በውክልና ይያዙት፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን" የሚል ሐሳብ በጭራሽ አይቀበሉ። ውክልና የሰጠው ሰው ቢሞት ውክልናው ያበቃል፤ መኪናውም ለወራሾች ጭቅጭቅ ይተርፋል። ውሉን በውልና ማስረጃ ፊት ይፈርሙ፣ ከዋጋው ጥቂት የማይባል ቀሪ ይያዙ፤ ሊብሬው በስምዎ ሳይወጣ ያን ቀሪ አይክፈሉ።