የትራክተር መከላከያና የሹፌሩ ኃላፊነት

በሬ ሕይወት አለው። ማረሻው ጉቶ ሲይዘው ይቆማል፤ ገበሬውም ማረሻውን አንሥቶ ጉቶውን ያልፋል። ትራክተር ግን ሕይወት የለውም። የሚጎትተው ነገር ጉቶ ቢይዘው ወይም የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ቢቀረቀር ሞተሩ መጎተቱን አይተውም። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ። ሹፌሩ ቶሎ ፍሪሲዮን ካልረገጠ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጥበታል።

በጎሬና በመቱ ዙሪያ ያለን ሰዎች አገራችን ዳገትና ቁልቁለት መሆኑን እናውቃለን። ዝናቡ ብዙ ነው፤ መሬቱም ያንሸራትታል። በሜዳ ላይ ደኅና የሚሠራ ትራክተር በተዳፋት ላይ፣ በቦይ ዳር፣ ወይም የተጫነ ተሳቢ እየጎተተ ቁልቁል ሲወርድ አደገኛ ይሆናል።

ሰው በትራክተር አደጋ ሲሞት ሁለት ነገር ሲባል እንሰማለን። አንዱ፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። ሌላው፣ «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ይላል። «ትራክተሩ ላይ ምን ጎድሎ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ትራክተር ላይ መጉደል የሌለበት ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ከመቀመጫው በላይ የሚቆመው የብረት ክፈፍ ነው። ትራክተሩ ሲገለበጥ ክፈፉ ክብደቱን ይሸከማል፤ ሹፌሩ እንዳይጨፈለቅ ቦታ ይተውለታል። በየሰፈሩ ከውሃ ቧንቧ የሚበየድ ክፈፍ ግን አያስተማምንም።

ሁለተኛ፣ ቀበቶ ነው። ክፈፍ እያለ ቀበቶ ያላሰረ ሹፌር ተወርውሮ ክፈፉ ራሱ ሊጫነው ይችላል። ክፈፍ በሌለው ወይም ክፈፉ በታጠፈ ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ አይታሰርም።

ሦስተኛ፣ ከትራክተሩ ኋላ ለሚሽከረከረው ዘንግ የተሠራው መከለያ ነው። ይህ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ይህም በሴኮንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። የጋቢ ጫፍ ቢይዝ ሰውየው ሳይጮህ ጠቅልሎ ይወስደዋል።

«ሹፌሩ ከተጠነቀቀ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። ወደ ኋላ የሚነሣ ትራክተር ለመገልበጥ ሁለት ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ስሙን የተጠራ ሰው ሰምቶ «አቤት» እስኪል ነገሩ አለቀ። ጥንቃቄ ከአደጋው በፊት ይሠራል። አደጋው ከጀመረ በኋላ የሚሠራው ብረቱ ነው።

በስዊድን አገር በ1959 በፈረንጆች አቆጣጠር (በእኛ በ1951 ዓ.ም.) አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህ ክፈፍ እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ። ክፈፍ ያላቸው ትራክተሮች እየበዙ ሲሄዱ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው እጅግ ቀነሰ። የስዊድን ሹፌሮች በአንድ ሌሊት ጠንቃቃ ስለሆኑ አይደለም፤ ሲሳሳቱም የሚያተርፋቸው ብረት ስላገኙ ነው።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ኃላፊነቱን ለሁለቱም ሰጥቷል። አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ አለበት። ሠራተኛውም በሚገባ ሊጠቀምበት ይገባል። በገዛ ትራክተሩ የሚያርስ ገበሬ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው፤ ተቆጣጣሪ አይመጣለትም። ስለዚህ ራሱን ይቆጣጠር።

መከላከያ አለ ተብሎ ግን አይቀበጥም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ችኩል ሹፌር ክፈፍ ቢኖረውም ንብረቱንና ረዳቱን ይጎዳል። ስለዚህ ሹፌሩ፦

ጠጥቶ አይንዳ።
ቁልቁለት ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባ፤ በመሐል ማርሽ አይቀይር።
ሰው ጎማው ሽፋን ላይ ወይም ተሳቢው መያዣ ላይ አያስቀምጥ።
ሞተሩን ሳያጠፋ ወደሚሽከረከረው ዘንግ አይጠጋ።

በቡና መሬት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የጥላው ዛፍ ቅርንጫፍ ክፈፉን እየያዘ ያስቸግራል። ክፈፉ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ከዛፉ ሥር ሲገባ ይታጠፋል፤ ከዛፉ ሥር ሲወጣ ወዲያው ይቁም። አስቸገረኝ ብሎ በመጋዝ የቆረጠው ግን የቆረጠው ብረት ብቻ አይደለም፤ የልጆቹን እንጀራም ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ትራክተር ሲገዛ ወይም ሲከራይ አስቀድመን የምንጠይቀው ዋጋውን ብቻ አይሁን። ክፈፉን፣ ቀበቶውንና መከለያውን በዓይናችን እንይ፤ የጎደለ ካለ ሳይሟላ እርሻ አይግባ። በስብሰባ ተስማምተን በመተዳደሪያ ደንባችን እንጻፈው። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ለዚህም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጠንቃቃ ሹፌርም ቢሆን ክፈፍ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. ቀበቶ የማይታሰረው መቼ ነው?
3. በሰፈራችን የሚሠራው ትራክተር ምን ምን ጎድሎታል? ማንስ ያሟላው?