ጨጓራ ታሞ እግር ሲያብጥ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከገለጉ ነው። አባቴ የጨጓራ ካንሰር አለባቸው፤ ጉበታቸውም ላይ ደርሷል ተብለን ለኬሞ ጎንደር እንመላለሳለን። ካለፈው ጉዞ ወዲህ ግራ እግራቸው ከባቱ አብጦ ያማቸዋል። ጎረቤት «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይያቸው» ይላል። ሐኪሞቹ ግን ደም ረግቶ ይሆናል፣ ቶሎ ይምጡና ደም ማቅጠኛ ይጀምራሉ አሉን። ጨጓራቸው ቆስሎ ሳለ ይህ መድኃኒት አይጎዳቸውም?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እግራቸውን ማንም እንዳያሸው። የረጋው ደም ተፈንቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለእግሩም ቢሆን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በአልትራሳውንድ ይታያል።

የጨጓራና የቆሽት ካንሰር ደም በማርጋት ከሌሎቹ ይብሳሉ። ዕጢው ራሱ ደም የሚያረጋ ነገር ያመነጫል፤ ኬሞው፣ መተኛቱ፣ በቆላው ሙቀት የሰውነት ውሃ ማለቁና በገንዳ ውሃ በኩል ያለው ረጅም መንገድ ይጨመሩበታል። ይህን ዝምድና በ1865 እ.ኤ.አ. ያስተማረው ፈረንሳዊው ሐኪም ትሩሶ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ በራሱ አካል ላይ ደም ሲረጋ ካንሰር እንዳለበት አወቀ።

ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም፤ ለዚህም ነው የመድኃኒቱ ዓይነት የሚመረጠው። እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች፣ ዕጢው በቀዶ ጥገና ካልወጣ፣ ጨጓራን የማድማት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ዋርፋሪን ደግሞ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ስለሚፈልግ ከገለጉ ለሚመላለስ ሰው ይከብዳል። እኔ የማስቀድመው ከቆዳ ሥር የሚወጋውን ኢኖክሳፓሪን ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ በቀን 2 ጊዜ ነው፤ ኩላሊት ከደከመ ወይም ፕላትሌት ከ50,000 ከወረደ ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ሕክምናው ወራት ይወስዳል፤ መሃል ላይ ገንዘብ አልቆ እንዳይቋረጥ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ እርስዎም መውጋት ይችላሉ፦ ከእምብርት ራቅ አድርገው የሆድ ቆዳ ቆንጥጠው ይያዙ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገው ያስገቡ፣ ሲያወጡ አይሹት። ቦታውን ይቀያይሩ። መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ የገለጉ ሚያዝያ ደግሞ የታወቀ ነው። ፍሪጅ ከሌለ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ያኑሩት። በረዶ ግን አይንካው።

ለሕመም ብላችሁ ዳይክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትግዙላቸው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሱ ቀጣዩን መርፌ ሳትሰጡ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ሕመሙ ጠንቶ ሰውነት ሲደክም መርፌውን ማቆም የሚሻልበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። መቼ እንደሚሆን ከሐኪማቸው ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት፤ አባትዎም በተቀመጡበት ይሁን።