የመኪናው በር አልከፈት ሲል

እህቴ፣ ቤይሩት ስሠራ አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ከኋላ ወንበር ሳለሁ በሩ አልከፈት አለኝ። እዚያ ነሐሴ እሳት ነው። ማዳም ከሱቅ ተመልሳ ከውጭ ስትስበው ወዲያው ተከፈተ፤ «አበላሸሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። በሩ ግን ጤነኛ ነበር። ከውስጥ እምቢ ብሎ ከውጭ የሚከፈት የኋላ በር፣ ብዙ ጊዜ የልጆች መቆለፊያው ተደርጎበት ነው፤ በሩ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ማንሻ ናት።

ሹፌሩ መቆለፊያውን ሲጫን ሌሎቹ በሮች «ቀጭ» ብለው አንዱ ዝም ካለ፣ የዚያው በር ሞተር ወይም ሽቦ ነው። ሁሉም ዝም ካሉ በሌላኛው የፊት በር ያለው ይሞከር፤ በእሱ ከሠሩ የተበላሸው የሹፌሩ መጫኛ ነው፤ በእሱም ካልሠሩ መጀመሪያ ፊውዙ ይታያል።

ከልጅ ጋር ተዘግቶብሽ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። ወደ ፊት ተሻገሪና የፊቱን በር እጀታ ሳቢ፤ የልጆች መቆለፊያ እዚያ የለም። እምቢ ካለሽ ሰው እስኪመጣ ክላክሱን ሳታቋርጪ ተጫኚ።