ልጁ ደም ያፈሰሰበት ወላጅ
(ከንጉሥ ዳዊት ታሪክ የተወሰደ ትምህርት)



ሰው በሰው እጅ ሲሞት ሕዝቡ ወደ ሟች ቤት ይሄዳል። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ካህኑም ይጠራል። ይህ ተገቢ ነው። በዚያው ቀን ግን የሌላ ቤት በር ይዘጋል፤ እርሱም የገዳዩ ወላጆች ቤት ነው። እናቲቱ ለሟች ብታለቅስ ለይምሰል ነው ትባላለች፤ ለልጇ ብታለቅስ ደግሞ ወንጀሉን እንደ ደገፈች ይቈጠርባታል። እንዲህ ያለውን ወላጅ ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረዋል? እኛስ ምን እናድርግለት? በዚህ ትምህርት ይህን እንመለከታለን።

1. የሟችም የገዳይም አባት

ታሪኩ በ2ኛ ሳሙኤል ከምዕራፍ 13 እስከ 19 ይገኛል። የዳዊት የበኩር ልጅ አምኖን ትዕማርን፣ የገዛ አባቱን ልጅ፣ በግፍ አስነወራት። ዳዊት በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ ነገር ግን አምኖንን እንደ ቀጣው ወይም ትዕማርን እንዳጽናናት አናነብም። የትዕማር ወንድም አቤሴሎም ሁለት ዓመት ቂም ይዞ ቈየ፤ ከዚያም በበጎች ሽለታ ግብዣ ላይ አምኖንን አስገደለው። ዳዊት በአንድ ቀን የሟችም የገዳይም አባት ሆነ። ከእርሱ አስቀድሞ አዳምና ሔዋን በአቤልና በቃየል ምክንያት ይህን ጽዋ ቀምሰዋል።

አቤሴሎም ወደ ጌሹር ሸሽቶ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። በኢዮአብ ብልሃት ወደ ኢየሩሳሌም ቢመለስም ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቱን ፊት እንዳያይ ተከለከለ። በመጨረሻ አባቱ ሳመው፤ ስለ ፈሰሰው ደም ግን በሁለቱ መካከል የተነገረ አንዳች ቃል አልተጻፈም። አቤሴሎምም ከዚያ በኋላ በአባቱ ላይ ዐመፀ።

እንግዲህ ዳዊት በመጀመሪያ በደሉን በዝምታ አለፈው፤ ቀጥሎም በልጁ ላይ በሩን ዘጋ፤ በኋላም እውነቱ ሳይነገር ሳመው። ከሦስቱ አንዱም ቍስሉን አላዳነውም።

2. ጥፋቱ የማን ነው?

ወላጅን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ጥያቄ «ምን በድዬ ነው?» የሚለው ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 አባት በልጁ ኃጢአት፣ ልጅም በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ያስተምራል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 1868 ኃጢአት የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሥራ መሆኑን ይገልጻል፤ ሆኖም በሌላው ኃጢአት የተባበረ፣ ያመሰገነ፣ መከልከል ሲገባው ያልከለከለ ወይም ክፉ አድራጊውን የሸሸገ ሰው ኀላፊነት እንዳለበት ያክላል።

ይህ ልዩነት ለወላጅ መድኀኒት ነው። ዳዊት ስለ ትዕማር ዝም ማለቱ የራሱ ጥፋት ነው፤ የአምኖን ግድያ ግን የአቤሴሎም ሥራ ነው። ወላጅ የራሱን ድርሻ፣ ካለበት፣ ለይቶ በምስጢረ ንስሐ ያቅርብ፤ የልጁን ድርሻ ግን ልጁ ራሱ እንዲሸከመው ይተውለት። ሁሉንም በራሱ ላይ የሚጭን ወላጅ ልጁን ከንስሐ መንገድ ያርቀዋል፤ ምንም ድርሻ የለኝም ብሎ የሚቸኵልም ራሱን መመርመር ይሳነዋል።

3. ፍቅርና እውነት

ኤፕሪል 20 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ በኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ፤ ራሳቸውንም አጠፉ። የአንደኛው እናት ሱ ክሌቦልድ ለሟቾች ቤተሰቦች ደብዳቤ ጻፉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ደረሰባቸው መጽሐፍ አሳተሙ። እኒህ እናት ልጃቸውን መውደዳቸውን አልካዱም፤ የሠራውንም አላቃለሉም። ለእርሳቸው ያልታዩአቸውን ምልክቶች ሌሎች ወላጆች እንዲያስተውሉ ይደክማሉ።

ወደ ዳዊት እንመለስ። አቤሴሎም በጦርነት በሞተ ጊዜ ንጉሡ ስሙን ደጋግሞ እየጠራ አለቀሰ፤ በእርሱ ፈንታ ቢሞት ተመኘ። እግዚአብሔር ስለዚህ ልቅሶ አልገሠጸውም። ኢዮአብ ግን፣ ያውም አቤሴሎምን የገደለው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ ነፍሳቸውን ስለ ንጉሡ የሰጡ ወታደሮች እንደ ተሸነፈ ሰው አፍረው ወደ ከተማ መግባታቸውን ነገረው። ቃሉ የከረረ ቢሆንም እውነት ነበረበት። ዳዊትም ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ወደ ፊቱ ቀረበ። ልጁን መውደዱን እንዲተው አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው የሌሎችንም ሥቃይ እንዲያይ ነው።

4. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

አስቀድመን የሟችን ቤት እንጐብኝ፤ በዚያው ሳምንት የገዳዩንም ወላጆች ቤት እናንኳኳ። ምክር ለመስጠት አንቸኵል፤ አብረን እንቀመጥ።

ልጅን ከሕግ መሸሸግ ፍቅር አይደለም። እውነተኛ ፍቅር እጁን እንዲሰጥ አብሮት ይሄዳል፤ ከዚያም ስንቅ ይዞ ወደ ወህኒ ይመላለሳል። ጌታችን እስረኛን መጠየቅ እርሱን መጠየቅ መሆኑን በማቴዎስ 25 ነግሮናል። የኃጢአት ሥርየት ያገኘ ሰውም ካሣ የመክፈል ግዴታው እንደማይቀር ለልጁ በግልጽ ይነገረው።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ የሟችን እናት «ይቅር በዪ» ብለው አያስጨንቋት። ይቅርታ ስጦታ ነው፤ የገዳዩ ወላጅ ሊለምነው ይችላል፤ እንደ ዕዳ ግን ሊጠይቀው አይችልም።

መምህራን ሆይ፤ የገዳዩ ታናናሾች በክፍላችሁ ይገኙ ይሆናል። «የነፍሰ ገዳይ ወንድም» ተብለው እንዳይጠሩ ጠብቋቸው።

በመስቀሉ ሥር የጌታ እናት ቆማ ነበር፤ በልጇም ጐን የተፈረደበት ወንበዴ ተሰቅሎ ነበር። የዚያ ወንበዴ እናት በሕይወት ትኑር አትኑር ወንጌል አልነገረንም። ልጇ ግን ቅጣቱ ተገቢ መሆኑን አምኖ ለመነ፤ ገነትም ተሰጠችው። እውነቱን መናገሩ ከምሕረት አላራቀውም፤ ይልቁንም ለምሕረት በሩን ከፈተ። የእንዲህ ያሉ ወላጆች ተስፋ ይህ ነው።

ለውይይት፦
ሀ. ዳዊት ስለ ትዕማር በደል ምን ማድረግ ይገባው ነበር?
ለ. ወላጅ የራሱን ጥፋት ከልጁ ጥፋት እንዴት ሊለይ ይችላል?
ሐ. በአካባቢያችን በሩ የተዘጋ እንዲህ ያለ ቤት አለ? ማን፣ መቼ ይሂድ?