የፍሬን ሸራ አለዋወጥ፤ ከቡሬ ቁልቁለት በፊት

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ቡሬ የደረሰ መንገደኛ በደጋው ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከነጭነቱ 1000 ኪሎ የሚመዝን አሮጌ ቮልስዋገን 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፥ ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይሸከማሉ፤ የቀረውን የሚቀበሉት ሸራውና ታምቡሩ ናቸው።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፥ ከሸራውም ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ይሰምጣል። ሸራው አስቀድሞ ያለቀ እንደ ሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። የቮልስዋገኑ ምርት በሜክሲኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፥ ያለውን መጠበቅ የባለቤቱ ፈንታ ሆኗል። እንግዲህ የኋላውን ሸራ በቤት እንዴት እንደምንለውጥ በተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ መኪናውን በደልዳላ መሬት አቁመን የፊቱን ጎማዎች በታኮ እናግዳለን። ጎማው መሬት ሳለ የእጅ ፍሬን ይዘን 36 ሚሊ ሜትሩን የመካከል ዳዶ ማገጃውን አውጥተን እናላላለን፤ እጅግ ጠብቆ የታሰረ ነውና ረጅም ማንሻ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ መኪናውን በክሪክ አንሥተን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ እናሳርፋለን። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን መክዳት ነው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን እንለቃለን፥ የሸራውንም ማስተካከያ በካቻቢቴ አላልተን ታምቡሩን እናወጣለን።

ሦስተኛ፤ አቧራውን በአፍም ሆነ በአየር አንነፋም። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይኖራልና ለሳንባ ጠንቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ጨርቁን በከረጢት አስረን እንጥላለን።

አራተኛ፤ የግራውን ስንፈታ የቀኙን ሳንነካ እንተዋለን፤ የሞላዎቹ አቀማመጥ ሲጠፋን ምሳሌ ይሆነናል። ሆኖም ሸራ የሚለወጠው በሁለቱም በኩል ነው፤ አንዱ ብቻ ከታደሰ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ታምቡሩ ወልቆ ሳለ ፔዳሉን ማንም አይርገጥ፤ ሸራዎቹን የሚገፋው ፒስተን ተስፈንጥሮ ይወጣል።

አምስተኛ፤ የሲሊንደሩን ጎማ ገለጥ አድርገን ዘይት ካገኘን፥ አስቀድመን እርሱን እናሠራለን። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም። ታምቡሩም ስንጥቅ ካለበት ይለወጣል።

ስድስተኛ፤ አዲሱን ሸራ በንጹሕ እጅ እንገጥማለን፤ ግራሶ የሸራውን ፊት ከቶ አይንካው። ታምቡሩን መልሰን ጎማውን ካሰርንና መኪናውን ካወረድን በኋላ ዳዶውን በ30 ኪሎ ግራም ሜትር እናጠብቃለን፤ ይኸውም አንድ ሜትር በሚረዝም ማንሻ ጫፍ ላይ የ30 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። የማገጃው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረን እናጠብቃለን እንጂ አናላላም፤ ማገጃውም አዲስ ይሁን።

ሰባተኛ፤ ጎማውን መልሰን አንሥተን፥ ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ ድረስ እናዞራለን፤ ጎማው በነፃ እስኪዞር ድረስም ጥቂት እንመልሳለን። ፔዳሉን ደጋግመን ረግጠን እንደ ገና እንፈትሻለን።

የመጀመሪያው ሙከራ በሜዳ ላይ በእግረኛ ፍጥነት ይሁን። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪለማመድ ጊዜ ይሻልና፥ በዚያው ቀን ወደ ባሮ ቆላ አንጣደፍ። ቁልቁለቱን ስንጀምርም አስቀድመን ከባድ ማርሽ እናስገባ፤ ሞተሩ የያዘውን ያህል ሸራው ያርፋል።