የትምህርት ድምፅ በቤታችን ለመቅዳት የትኛውን ፕሮግራም እንምረጥ?

መምህር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ተማሪ በዓይኑ ያነበዋል፤ አነባበቡን ግን የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ለይቶ አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «እስካሁን» ማለታችን የሚለየው ሲነበብ ነው። ስለዚህ ለንባብ ትምህርት፣ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ወይም ታሞ ከክፍል ለቀረ ልጅ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

ቀድሞ ይህ ሥራ ስቱዲዮና ቴፕ ይጠይቅ ነበር፤ የተሳሳተው ቦታ በምላጭ ተቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጠል ነበር። ዛሬ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማይክሮፎን ካለን ቤታችን ይበቃል። ታዲያ «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ «ለምን ሥራ?» መባል አለበት።

ሀ. ከፕሮግራሙ በፊት

የተበላሸ ቅጂን የሚያድን ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ አንዴ ከንባባችን ጋር ከተቀዳ በኋላ ለይቶ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ሰዓት እንምረጥ። ባዶ ክፍል ድምፅን ስለሚያስተጋባ መጋረጃ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ይሻላል። ማይክሮፎኑን ከአፋችን አንድ ስንዝር ያህል አርቀን፣ ትንፋሻችን በቀጥታ እንዳያርፍበት ትንሽ ወደ ጎን እናድርገው። የድምፁ መለኪያ 0 ዴሲቤል ላይ ከደረሰ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከፍተኛው ድምፃችን ከ-12 እስከ -6 ባለው መካከል ቢሆን መልካም ነው።

ለ. በብዛት የሚታወቁ ፕሮግራሞች

1. ኦዳሲቲ፦ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በዶሚኒክ ማዞኒና በሮጀር ዳነንበርግ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ወጣ። ገንዘብ አይከፈልበትም። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። አንድ ሰው አንብቦ ስሕተቱን ቆርጦ ለማውጣት ከበቂ በላይ ነው።

2. ጋራዥባንድ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአፕል ፕሮግራም ነው። ነፃና ለአያያዝ ቀላል ቢሆንም የአፕል መሣሪያ ለሌለው አይሆንም።

3. ሪፐር፦ ብዙ ድምፆችን፣ ለምሳሌ ተራኪን፣ ተዋንያንንና ሙዚቃን፣ በየመስመራቸው ለማቀናበር ይመቻል። ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ሲያዩት ግን ግራ ያጋባል።

4. አዶቢ ኦዲሽን፦ ብዙ የማጽጃ መሣሪያዎች አሉት። ሆኖም ክፍያው በየጊዜው ስለሚቀጥል ለሠልጣኝ ኪስ ይከብዳል።

ሐ. ለመምረጥ የሚረዱ ጥያቄዎች

- ባለን ኮምፒዩተር ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሠራል?
- ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል?
- የተሳሳተ ትእዛዝ ብንሰጠው ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?
- ሥራውን በዌቭና በኤም ፒ ስሪ ያወጣል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የፕሮግራሙን የሥራ ፋይል ለተማሪ ብንልክለት በስልኩ አይከፈትለትም። በአንድ መስመር፣ በሰከንድ 44,100 ናሙናና በ16 ቢት የተቀዳ ዌቭ ለአንድ ደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የ20 ደቂቃ ትምህርት ከ100 ሜጋባይት ያልፋል ማለት ነው። በ64 ኪሎቢት ኤም ፒ ስሪ ሲሆን ግን ወደ 10 ሜጋባይት ይወርዳል። ስለዚህ ዌቩን ለራሳችን እናስቀምጥ፤ ኤም ፒ ስሪውን ለተማሪ እንስጥ።

መ. ጥንቃቄ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጊዜ የንባብ ትምህርት ቀድቶ ነበር። ማመንታቱ ስለበዛበት «ዝምታን አሳጥር» የሚለውን መሣሪያ ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ እጅ በሚያንስ ጊዜ ላይ አድርጎ በጠቅላላው ቅጂ ላይ ለቀቀበት። ትምህርቱ አጠረለት፤ ደስ አለው። በማግስቱ አንድ ባልደረባው አዳምጦ፣ «ኧረ ቆይ! ልጁ ነው የሚመታው ወይስ እሱን ነው የሚመቱት?» ሲል ጠየቀው። የተነበበው «ልጁ ይመታል» የሚል ነበር፤ ያውም በጠበቀው አነባበብ፣ ልጁን ሌላ ሰው ይመታዋል ለማለት።

ችግሩ ከየት መጣ? «ታ»ን ስናጠብቅ ምላሳችን ለአፍታ አየሩን ዘግቶ ይቆያል። ያ አጭር ዝምታ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ጥብቀቱ ራሱ ነው። ፕሮግራሙ ግን አማርኛ አያውቅም። ዝም ያለውን ሁሉ ሲያሳጥር ተመቺውን ልጅ መቺ ሊያደርገው ምንም አልቀረው። ዋናው ቅጂ ስላልተቀመጠ ንባቡ በሙሉ እንደገና ተቀዳ።

የጩኸት ማጽጃም እንዲሁ ነው። ሲበዛ በቃል መጨረሻ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች፣ እንደ «ፍ» እና «ስ» ያሉትን፣ አብሮ ይበላል። ስለዚህ ከማረማችን በፊት ቅጂውን በሌላ ስም እናስቀምጥ። ካረምን በኋላም ጽሑፉን በእጃችን ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናዳምጥ።

ማጠቃለያ

ለጀማሪ መምህር ነፃው ኦዳሲቲ ይበቃል። ብዙ ድምፅ የሚቀናበርበት ድራማ ለማዘጋጀት ያሰበ ሪፐርን ይሞክር። የትኛውንም ብንመርጥ ግን የመጨረሻው ፈራጅ የመምህሩ ጆሮ ነው።

መልመጃ

1. «ዋና»፣ «አለ» እና «ይመታል» የሚሉትን ቃላት በሁለቱም አነባበብ በዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ ቅዱ።
2. ጽሑፉን ላላየ ጓደኛችሁ አሰሙት። እያንዳንዱን በትክክል ለየ?
3. ካልለየ ጥፋቱ የአነባበባችሁ ነው፣ የማይክሮፎኑ ወይስ የእርማቱ? በቡድን ተወያዩበት።